እትዬ በረዶና የመጨረሻዋ መርፌ

እትዬ በረዶ ይሏታል። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ግን ዓሣ ቤቷን ከከፈተች ወዲህ በዚያ ስም የጠራት ሰው ቢኖር ፖስተኛው ብቻ ነው፤ እሱም ፖስታው ላይ አይቶ ነው። ስድሳን ካለፈች ቆየት ብላለች፤ ሆኖም አንቱታ አይሆንላትም። «አንቱ ስትሉኝ ጉልበቴን ያመኛል» ስለምትል ሰዉ ሁሉ አንቺ ይላታል፤ እኛም እንደ ሰዉ እንላለን።

በረዶ የተባለችው ፊቷ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ስትስቅ ከመንገድ ማዶ የምትሰማ ሴት ናት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በእሷ እምነት በረዶ የማያድነው ነገር የለም። ጥርስህን ካመመህ በረዶ። ልጅ ወድቆ ግንባሩ ካበጠ በረዶ። ባልና ሚስት ደጇ ላይ ሲጣሉ እንኳ በረዶ የሞላበት ውሃ በሁለት ብርጭቆ ይዛ ትወጣና «መጀመሪያ ይቺን ጠጡ፣ ከዚያ ትጋደላላችሁ» ትላለች። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ሚስቱን የሚሰድብ ባል ደግሞ እስካሁን አልተገኘም።

ዓሣ ቤቷ ጠባብ ናት። ፊት ለፊት ጠረጴዛ፣ ሚዛን፣ ቢላዎችና የቅርፊት መፋቂያ አሉ። ግድግዳው ሥር ለደንበኛ የሚሸጥ ውሃ የሚቀመጥባት ትንሽ ፍሪጅ አለች። ከኋላ ከመኖሪያ ክፍሏ በፊት ባለችው ጓዳ ደግሞ አልጋ የሚያህል ነጭ ፍሪዘር ተጋድሟል። እዚያ ውስጥ ዓሣ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። ከዓሣው ሥር በሦስት ላስቲክ ተጠቅልሎ የቤቷ ካርታ አለ። የእህቷ ልጅ የትምህርት ማስረጃ አለ። የሟች ባሏ ፎቶ እንኳ እዚያው ነው። «እሳት ቢነሳ መጨረሻ የሚደርሰው እዚህ ነው» ትላለች። ሰውየው በሕይወት ሳለ ብርድ አይወድም ነበር፤ ግን ማን ጠይቆት!

ስለ በረዶ አንድ ሌላ ሕግም አላት። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ትሪ አለ፤ በግራ የዛሬ ዓሣ፣ በቀኝ ከበረዶ የወጣ ዓሣ። አይቀላቀሉም። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ዓሣ ሥጋው ይላላል፤ ለዓይን ግን ያው ነው። አጥቦ አሳምሮ የዛሬ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢኖር ከመቶ ገዢ አንዱም አይነቃበትም። አንድ ጊዜ የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ለትልቅ ግብዣ የሚሆን ዓሣ ሊወስድ መጣ። ተመዝኖ፣ ታሽጎ፣ መኪና ላይ ተጭኖ ከሄደ በኋላ ትሪዎቹን ስታይ ጥቂቶቹ ከቀኙ እንደገቡ ገባት። ሽርጧን እንደታጠቀች ሮጣ መኪናውን የትራፊክ መብራት ላይ ደረሰችበት። እውነቱን ስትነግረው ሰውየው ዓሣውን በሙሉ መለሰላት፤ ሁለተኛም ደጇን አልረገጠም። ያኔ የእህቷ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።

«እቴቴ፣ ዝም ብትይ ኖሮስ? ማን ያውቅ ነበር?» አለቻት።

«እኔ ነኛ!» አለች እትዬ በረዶ ቆጣ ብላ። ከዚያም ለንዴቷ በረዶ ቆረጠመች።

እንግዲህ ስለዚህች ልጅ እናውራ። እትዬ በረዶ የወለደችው ልጅ የላትም። ይቺ ልጅ እናቷ ስትሞት በአምስት ዓመቷ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዛ መጣች። የመጀመሪያው ቀን ጓዳው ጥግ ቆማ፣ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ» አለች። እትዬ በረዶ ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበች፤ ወይ ፍንክች! ልጅቷ ቆማ ቆማ ሲደክማት መጥታ ራሷን ጭኗ ላይ ጣል አደረገችና «አሁንም ትሸቻለሽ» ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልማዳቸው ይሄ ነው። ፈተና ስትወድቅም፣ ጓደኛ ስትከዳትም፣ በሠርጓ ዋዜማ እንኳ መጥታ «ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ» ትልና ጭኗ ላይ ትተኛለች። እትዬ በረዶም ፀጉሯን እየዳበሰች ዝም ትላለች፤ ያቺን ዝምታ በምንም አትለውጣትም።

አሁን ልጅቷ አድጋ ከዓሣ ቤቱ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ባለው አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ትሸጣለች። ባሏ የታክሲ ሾፌር ነው፤ ዝምተኛ፣ ጨዋነት የሚያበዛ፤ እትዬ በረዶን አንቱ ከማለት ያልተመለሰ እሱ ብቻ ነው። ተዋደው ተጋቡ። ስድስት ዓመት ሙሉ ግን ልጅ የለም። ያላዩት ሐኪም፣ ያልዋጡት ኪኒን አልነበረም። በመጨረሻ ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ሕክምና የሚሰጥ ክሊኒክ ገቡ።

«አሥር ቀን በየቀኑ ሆዴ ላይ የምወጋው መርፌ እንቁላሎቹን ያሳድጋቸዋል» ብላ አስረዳቻት ልጅቷ። «ደርሰዋል ሲባል ደግሞ አንዲት የመጨረሻ መርፌ አለች። በሉ ተነሱ የምትላቸው እሷ ናት። እሷን ከተወጋሁ ልክ በሠላሳ ስድስት ሰዓት ሐኪሙ እንቁላሎቹን ያወጣል፤ ከባሌ ዘር ጋር ላቦራቶሪ ውስጥ ያገናኟቸዋል። መርፌዋ ካልሠራች ወይ ሰዓቷ ከተዛባ ግን የአሥሩ ቀን ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።»

«ሌላ ጊዜ አይሞከርም?»

«እኛ የምንችለው አንዴ ነው፣ እቴቴ። ሁለታችንም ተነጋግረን ጨርሰናል።»

የዕለት የዕለቱ መርፌ ቤት ቢቀመጥ ችግር የለበትም ተብሏል። የመጨረሻዋ ግን ቀዝቃዛ ቦታ ትፈልጋለች፤ በባልና ሚስቱ ሰፈር ደግሞ መብራት አንዴ ከሄደ ለመመለስ አይቸኩልም። ዓሣ ቤቱ ጄኔሬተር አለው። ስለዚህ ልጅቷ አንዲት መዳፍ የማትሞላ ካርቶን ይዛ መጣች። «ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪልኝ፣ እቴቴ» አለች።

«ለቀባሪው አረዱት! ስለ ቅዝቃዜ ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?»

በዚሁ ተለያዩ። እትዬ በረዶ ትንሿን ፍሪጅ ወለወለች፤ ካርቶኗን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ብቻዋን አስቀመጠቻት፤ እንዳይገፏት ብላ የደንበኛውን ውሃ በሙሉ አወጣች። ሰዉ ለብ ያለ ውሃ እየጠጣ፣ እያጉረመረመ ሰነበተ።

መርፌው በተጀመረ በስምንተኛው ቀን ቀትር ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ሁለቴ ሳል ሳል አለና እሱም ዝም አለ። ሠሪው ተጠራ፤ «መጣሁ» ያለ ሠሪ መቼ እንደሚመጣ መቼም ታውቃላችሁ። ያን ቀን ሙቀቱ ለጉድ ነበር፤ ትንሿ ፍሪጅ አንድ ሰዓት ሳይሞላት ማላብ ጀመረች። እትዬ በረዶ ካርቶኗን አየች፤ ፍሪጇን አየች፤ ዞራ ፍሪዘሩን አየች። ፍሪዘሩ እስከ አፉ በረዶ ነው፤ ሁለት ቀን መብራት ባይኖር ንቅንቅ አይልም። ታዲያ ምን ማሰብ ያስፈልጋል? መርፌዋን በላስቲክ፣ ከላስቲኩ በላይ በፎጣ ጠቅልላ ከባሏ ፎቶ አጠገብ አስተኛቻት። «አደራ፣ ጠብቅልኝ» አለችው።

አመሻሽ ላይ መብራቱ መጣ። እሷ ግን እንዲህ ያለ ጥሩ ቦታ ያገኘን ነገር ለምን ታነሳዋለች? መርፌዋ ሁለት ቀን እዚያው ቆየች። በአሥረኛው ቀን፣ በመወጊያዋ ቀን ጠዋት አውጥታ ስታያት ድርቅ ብላ በረዶ ሆናለች። እሰይ፣ ተጠብቃልኛለች ብላ ደስ አላት። ወደ ትንሿ ፍሪጅ መለሰቻት፤ ቀትር ላይ ቀልጣ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርታ ነበር። ዓሣ ብትሆን ኖሮ ከየትኛው ትሪ እንደምትቀመጥ እትዬ በረዶ ዓይኗን ጨፍና ታውቅ ነበር። መርፌ ስለሆነች አላሰበችውም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷ ከሥራ ወጥታ መጣች። የመወጊያው ሰዓት ምሽት አንድ ሰዓት ነው። ገና በርጩማው ላይ ከመቀመጧ የክሊኒኩ ነርስ ደወለች፤ ልጅቷም አክስቷ እንድትሰማ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ዛሬ አንድ ሰዓት፤ አደራ፣ ደቂቃ እንዳታሳልፊ» አለች ነርሷ። «ከነገ ወዲያ ጠዋት አንድ ሰዓት ደግሞ እንቁላሎቹን እናወጣለን። መርፌዋ ፍሪጅ ውስጥ ናት አይደል?»

«አዎ፣ ፍሪጅ ውስጥ ናት።»

«በረዶ ሆና አታውቅም? ሰው በዚህ ይሳሳታል። አንዴ በረዶ ከሆነች ብትቀልጥም መድኃኒቱ ተበላሽቷል። ለዓይን ምንም አይታወቅም፤ ግን አትሠራም።»

ልጅቷ ሳቀች። «ኧረ እሷስ አታሳስብሽ። አክስቴ ጋ ናት!»

እትዬ በረዶ ዓሣ እየፋቀች ነበር። እጇ ባለበት ቀረ። አክስቴ ጋ ናት የሚለው ቃል ልቧን ስንጥቅ አደረጋት። ልጅቷ ስልኩን ዘግታ ስለ አንድ ነገረኛ መንገደኛ ማውራት ጀምራለች፤ እትዬ በረዶ አፏ ሲንቀሳቀስ ታያለች እንጂ አትሰማትም።

አንድ ክፉ ሐሳብ መጣባት። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ዝም ብትልስ? መርፌዋ ጠርታለች፤ ማንም አላያትም። ምናልባትም ትሠራ ይሆናል፤ ነርስ ሁሉን አያውቅም። ባትሠራም አልተሳካም ይባላል፤ ለስንቱ አልተሳካም! ልጅቷ ታለቅሳለች፤ መጥታ ጭኗ ላይ ትተኛለች፤ እሷም ፀጉሯን ትዳብሳታለች። እዚህ ላይ ስትደርስ እትዬ በረዶ እጇን አየችው፤ ጠላችው። በዚህ እጅ ነው ፀጉሯን የምትዳብሰው? ማን ያውቃል? እሷው ናታ!

«ልጄ» አለች። መፋቂያውን አስቀመጠች። «ልጄ፣ ያቺ መርፌ የቀኝ ትሪ ናት።»

ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ያደገችው በእነዚያ ሁለት ትሪዎች መካከል ነው።

«ፍሪዘር ውስጥ አስገብተሻታል?»

«ሁለት ቀን። መብራት ሄዶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ነው ያወጣኋት።»

ልጅቷ ተነሳች፤ ተቀመጠች፤ መልሳ ተነሳች። «ስድስት ዓመት!» ብላ ጮኸች። «ስድስት ዓመት ጠብቄ፣ አሥር ቀን ሙሉ ሆዴን ወግቼ፣ አንቺ ከዓሣ ጋር አስተኛሻት! ሁሉ ነገር በረዶ! ሁሉ ነገር በረዶ! ምናለ አንድ ነገር እንኳ ጠይቀሽ ብታደርጊ!» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እትዬ በረዶ አስቤልሽ ነው ማለት አማራት። ዋጠችው። ለራሷ ጥብቅና የምትቆምበት ቀን አልነበረም።

ለነርሷ መልሳ የደወለችው እትዬ በረዶ ራሷ ናት። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብላ ነገሩን ጀመረች። ነርሷ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣት ይሻል ነበር። «ለጥቂት ሰዓት ሙቀት ምንም አይላትም ነበር፣ እማማ» አለቻት ቀስ ብላ። «ዝም ብለው ጠረጴዛ ላይ ቢተዉዋት ይሻል ነበር።» ከዚያ በክሊኒኩ መድኃኒት ቤት አንዲት መርፌ እንዳለች፣ መድኃኒት ቤቱ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ ነገረቻት። ሰዓቱ አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ክሊኒኩ ደግሞ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው።

ሾፌሩ ተጠርቶ እስኪደርስ እትዬ በረዶ ትንሿን አይስ ቦክስ አዘጋጀች። ከታች በረዶ፣ በበረዶው ላይ ወፍራም ካርቶን፣ በካርቶኑ ላይ ሁለት ፎጣ። ለሩቅ ደንበኛ የዛሬ ዓሣ የምትልከው እንዲህ አድርጋ ነው፤ ቀዝቅዞ ይደርሳል እንጂ በረዶ አይነካውም። ለዓሣ ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀውን ለመርፌዋ አለማሰቧ አንገበገባት። ሾፌሩ መጣ፤ የሚስቱን ፊት አየ፤ ሁሉንም ሰማ። ሚስቱ እዚያው ቀርታ፣ ለእትዬ በረዶ የታክሲውን በር ከፈተላት።

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደረሱ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው መርፌዋን ሲሰጣት «ፍሪጅ እንጂ...» ብሎ ሳይጨርስ «አውቃለሁ፣ አባቴ፣ አሁን አውቃለሁ» አለችው። ዋጋዋን ከፍላ፣ ፎጣው መሃል አስቀምጣ፣ ሣጥኗን ጭኗ ላይ አደረገች። ሲመለሱ መንገዱ ተዘጋጋ። በየሁለት ደቂቃው ክዳኑን ከፈት አድርጋ በጣቷ ፎጣውን ትነካለች፤ መልሳ ትዘጋለች።

«እትዬ» አለ ሾፌሩ ከመንገዱ ዓይኑን ሳያነሳ። «እንዲህ ደጋግመው ከከፈቱላት እኮ መንገዱን አጥንታ በሌላ ቀን ብቻዋን ትመጣለች።»

እትዬ በረዶ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። «አላኮረፍከኝም?»

«ቤት ስንደርስ አኮርፋለሁ። አሁን እየነዳሁ ነው።»

ለአንድ ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን አደባባዩ ላይ መኪና በመኪና ላይ ተደራርቦ ቆመ። ከዚያ ዓሣ ቤቱ በእግር ከሃያ አምስት ደቂቃ አያንስም። እትዬ በረዶ ምንም አላማከረችም፤ ሣጥኗን በደረቷ አቅፋ፣ በሩን በርግዳ፣ እግሬ አውጪኝ አለች። ቅርፊት የተለጣጠፈበት ሽርጧን እንደታጠቀች፣ ነጠላ ጫማዋን አንዴ እያወለቀች አንዴ እያጠለቀች ስትሮጥ ያየ ሁሉ ቆሞ ሳቀ። «እትዬ በረዶ፣ ዓሣው አምልጦሽ ነው?» አላት ጫማ ሠሪው። «አዎ፣ ያዝልኝ!» ብላው አለፈች። ጉልበቷ፣ ያ አንቱ ሲሏት የሚያማት ጉልበቷ፣ ያን ቀን ትዝም አላላት።

ስትደርስ ለአንድ ሰዓት አራት ደቂቃ ይቀራል። ልጅቷ ከጓዳው ኋላ ባለው ክፍል እጇን ታጥባ፣ ጥጥ አዘጋጅታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሣጥኑን ተቀበለች። መርፌዋን አውጥታ በመዳፏ ያዘቻት፤ ቀዝቃዛ ናት፣ በረዶ የነካት ግን አይደለችም።

«ሰዓት ንገሪኝ» አለች።

እትዬ በረዶ የግድግዳ ሰዓቱ ሥር ቆመች። ትንፋሿ አልመለስ ብሏታል። ሾፌሩም ታክሲውን መንገድ ዳር ትቶ ደርሶ በሩ ላይ ቆሟል። ሦስቱም ያን የሰከንድ ቆጣሪ አዩት፤ እንደዚያ ቀን ዘገምተኛ ሆኖ አያውቅም።

«አሁን!»

ልጅቷ ከእምብርቷ ዝቅ ብላ ወጋች፤ ቀስ ብላ ገፋች፤ እስከ አሥር ቆጥራ አወጣቻት። ሾፌሩ ቁጭ አለ። እትዬ በረዶ እዚህ ክፍል ውስጥ መቆም የማይገባት መሰላት፤ ሽርጧን ጠራርጋ «እንግዲህ እኔ ወጥቼ ትሪዎቹን ላንሳ» አለች።

«ቁጭ በይ» አለች ልጅቷ።

ተቀመጠች። ልጅቷ አልጋው ላይ ጋደም ብላ ራሷን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ» አለች።

እትዬ በረዶ ያን ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እንኳን እሷ፣ ሾፌሩም ተነስቶ ወደ ጓዳ ሄደ፤ ፍሪዘሩን የሚያየው መስሎ።

ስምንት እንቁላል ወጣ። ከስምንቱ ሦስቱ ጽንስ ሆኑ፤ ከሦስቱ አንዷ ማህፀን ውስጥ ያዘች። ጊዜዋን ጠብቃ ጉንጫም ሴት ልጅ ተወለደች፤ ስታለቅስ ድምፅዋ እንደ እትዬ በረዶ ሳቅ ከመንገድ ማዶ ይሰማል።

እትዬ በረዶ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ተለውጣለች። ካርታውን፣ ማስረጃውን፣ ፎቶውን ሁሉ ከፍሪዘር አወጣች፤ ባሏ ስንት ዓመት ቆይቶ ሞቀው። የሰው አደራም አትቀበልም። «እትዬ በረዶ፣ ይቺን እስከ ነገ አቆዪልኝ» የሚላት ሲመጣ «እኔ ጋ አይቀመጥም፣ ወዲያ ውሰዱ» ትላለች። ሰዉ ምን ነካት አለ። እሷም አትናገር።

ሕፃኗ አራት ወር ሲሞላት እናቷ ሥራ ልትመለስ ሆነ። ቀን ቀን ማን እንደሚይዛት ማንም አልጠየቀም፤ የታወቀ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የእህቷ ልጅ ሕፃኗን በአንድ እጇ፣ አንዲት ትንሽ ቦርሳ በሌላው ይዛ መጣች። እትዬ በረዶ ሕፃኗን ከእጇ ነጠቀቻት። ቦርሳው ሲከፈት ሦስት ጡጦ የታለበ የእናት ወተት ወጣ። እትዬ በረዶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ልጅቷን እይዛለሁ። ወተቷን ግን ሌላ ቦታ አስቀምጪ።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

የእህቷ ልጅ ጡጦዎቹን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረች። «እቴቴ፣ ያን ቀን ዝም ብትይ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?»

እትዬ በረዶ ሕፃኗን ወደ ትከሻዋ ከፍ አደረገቻት።

«ሌላ ሰው ጋ ባስቀምጠውና ቢያበላሸው ዝም ይለኛል። አንቺ ግን ሮጠሽ ትነግሪኛለሽ። ይቺ ልጅ ዛሬ ትከሻሽ ላይ ያለችው ስለነገርሽኝ ነው። በይ አትጨቅጭቂኝ፣ አውቶቡሱ ባያመልጠኝም አለቃዬ አትምረኝም። ደግሞ የእናት ወተት ፍሪዘር ውስጥም ይቀመጣል፤ ነርሷን ጠይቄያታለሁ።»

«ወረቀት ላይ ተጽፏል?»

ተጽፏል፤ የእህቷ ልጅ ወረቀቱን ከቦርሳው አውጥታ ሰጠቻት። እትዬ በረዶ መነጽሯን አደረገች። ወረቀቱን በሕፃኗ ራስ ላይ አሻግራ አንዴ አነበበች፤ አላመነችም፤ ደገመች። የዛሬዎቹን ሁለት ጡጦዎች ትንሿ ፍሪጅ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች፤ ውሃዎቹን በሙሉ አወጣች። ሦስተኛዋ ላይ ቀኑን በትልቁ ጻፈችባትና፣ በልቧ እየተርበተበተች፣ ባሏ ይተኛበት ከነበረው ቦታ አጋደመቻት። ከዚያ «ነይ እዪ፣ እንዲህ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት» ልትል ዞረች።

የእህቷ ልጅ ግን የት እንዳስቀመጠችው ሳታይ ሥራዋ ሄዳለች።